ሰው የለኝም

የወረዳው ቢሮ ለአረጋውያን ነጻ ቀለብና ሕክምና የሚሰጠው፣ ሰው እንደሌላቸው ሦስት ምስክር ሲያረጋግጥ ነው። ባልቴቷ ጎረቤቶቿን በሩ ላይ አቁማ ለመጨረሻ ጊዜ አስጠናቻቸው።

«‹ጧሪ ቀባሪ የላቸውም› በሉ፤ በቃ። ሌላ ቃል እንዳትጨምሩ።»

የቢሮው ሠራተኛ በአንድ እጁ ደረቅ ዳቦ እየገመጠ፣ በሌላው መዝገቡን ገለጠ። ስንዱ ቀድማ ተነሳች።

«ጧሪ ቀባሪ የላቸውም። እኔ ቁርስ ባላደርስላቸው ጦማቸውን ነው የሚውሉት።»

ባልቴቷ ክው አለች። ጋሽ መንገሻ ደግሞ የቁርስ ብቻ መነሳቱ አልተዋጠላቸውም።

«ምሳውንስ ማነው የሚልከው? የኔ ሚስት አይደለችም? ክረምት ሲገባ ጣራቸውን የደፈንኩትስ?»

«ታዲያ ጠጉራቸውን ማን አጥቦ ይሠራል?» አለች ሦስተኛዋ፣ ጥሩዬ። «ታመው የተኙ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ያስታመምኳቸው እኔ አይደለሁም?»

ባልቴቷ የስንዱን ነጠላ ብትጎትት፣ የጋሽ መንገሻን ጫማ ብትረግጥ የሚሰማት አጣች። ክርክሩ ወደ እራት ተሻገረ።

ሠራተኛው ሁሉንም ጽፎ ሲያበቃ ማመልከቻዋን መለሰላት። እሷም ተቀብላ፣ ሦስቱን በዓይኗ እየገረፈች ልትወጣ ተነሳች።

ሠራተኛው ግን የተረፈውን ዳቦ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ እናንተ ሰፈር የሚከራይ ቤት ይኖር ይሆን?»