ለሠርጉ ፎቶ የተገዛው ካርድ

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ሚስቱን ዋሽቷት የሚያውቀው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ከመጋባታቸው በፊት ስለሆነ አይቆጠርም። ሁለተኛው ግራፊክስ ካርድ ነው።

«የሠርጋችን ፎቶ እኮ ኮምፒውተሩ ላይ ደብዘዝ እያለ ነው» አላት አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ዐይኑን ከሻዩ ሳያነሣ። «ምስል የሚያወጣው ካርድ ደክሞ ነው አሉ። አዲስ ቢገባለት...»

«ይግባለታ!» አለች። «ፎቶማ ጥርት ማለት አለበት።»

እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቷ አንጀቱን በላው። ብትከራከረው ይሻለው ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ልጃቸው ስታገባ ትታው በሄደችው ኮምፒውተር ላይ አውቶቡስ የሚያስነዳ ጌም አለ። ሚስቱ ከሰዓት በኋላ እህቷ ዘንድ ስትሄድ ሾፌሩ በሩን ዘግቶ መስመር ሰባትን ይነዳል። ችግሩ ጌሙ ውስጥ ዝናብ የጣለ ዕለት ነው፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ግግም ይላል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል።

ነገሩ ጌም ብቻ ቢሆን እንዲህ ባላብከነከነው። ከአራት ዓመት በፊት በገዛ መኪናው «ይቺንማ አልፋታለሁ» ብሎ ቀይ መብራት ጥሶ ከምሰሶ ጋር ተላትሟል። እሱን ጭረት አልነካውም። ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ዳግመኛ መሪ ብጨብጥ እጄን ይቁረጠው!» ብሎ ማለ። መኪናዋም ተሸጠች።

አሁን የሚጫነው ኪቦርድ ላይ ያሉትን አራት ቀስቶች ነው። ቀስት ደግሞ መሪ አይደለም። ይህን ክርክር ለራሱ ብዙ ጊዜ አቅርቦ ብዙ ጊዜ ረትቷል። ሚስቱ አንጓዋን እያሻሸች በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ግን ይግባኝ ይጠየቅበታል። ሰሞኑን ደግሞ ብሶባታል። «ብርዱ ነው» ትላለች። እሱ ግን ብርዱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ መሐላው የእሱን እጅ ትቶ የእሷን ይዟል።

ይባስ ብሎ ጌሙ ያከብረው ጀመር። መስመር ሰባት፣ ሦስተኛው መስቀለኛ ላይ ያለው ቀይ መብራት መኪና ነድቶ በማያውቅ ሰው የተተከለ መሆኑን ስላረጋገጠ ሾፌሩ ሁልጊዜ ይጥሰዋል፤ የቅጣት ነጥብም ይያዝበታል። በማግስቱ ሲከፍተው ግን ቅጣቱ ተነሥቶ፣ ማዕረጉ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ባለፈው ሳምንት «ዋና ሾፌር» ሆኗል። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ዓመት ያልሰጠውን ማለት ነው። ማሽንም ቢሆን የሥራ ልምድ ያያል አለ በልቡ።

ወንበሩ ብቻ ያስቸግረዋል። ከፍ አድርጎት የሄደው፣ በማግስቱ ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። እሱም እንደኔ ጉልበቱ ከድቶታል ይልና ያልፈዋል።

ጠዋት ሐኪም ወዳዘዘለት የእግር ጉዞ ሲወጣ ሚስቱ እስከ በር ትሸኘዋለች። «አንድ ሰዓት ሳይሞላህ እንዳትመለስ! ለጤናህ ነው።» እንዲህ የምታስብለትን ሴት ይዋሻል!

ቅዳሜ ዕለት የኮምፒውተሩን ሣጥን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሱቅ ወሰዱት። ባለሱቁ ክዳኑን ፈቶ ውስጡን አየ።

«ለምን ሥራ ፈልገውት ነው አባባ?»

«ለፎቶ።»

«ፎቶማ ያለ ካርድም...»

የሾፌሩ ጆሮ ጋለ።

«ጥርት ብሎ እንዲታይ ነው ልጄ» አለች ሚስቱ። «አንተ ብቻ ካርዱን አሳየን።»

አዳነችው። ሳታውቅ ማዳኗ ደግሞ ከመያዝ ይብሳል።

የሾፌሩ ዐይን ያረፈው ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ያገለገለ ትልቅ ካርድ ላይ ነበር። ዋጋውም ለጡረተኛ የሚቀመስ ነው። «ይኼ ሞተር አለው» አለ፣ በአዋቂ ድምፅ።

«ሞተር አለው፤ እርስዎ ግን ነዳጅ የለዎትም» አለ ባለሱቁ። «ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይዎ አነስተኛ ነው፣ አይሸከመውም። ደግሞ ሲግል ሲለበለብ የከረመ ዕቃ ነው፤ ነገ ቢሞት እኔ የለሁበትም።»

«ያ ትንሹስ?» ሚስቱ ባለ ሁለት ማራገቢያውን አዲስ ካርድ በአገጯ አሳየች። «እሱም እኮ ውድ አይደለም። ዝናብ ያለበትን ይችላል?»

ሾፌሩ ደነገጠ። ከዚያ ትዝ አለው። የተጋቡ ዕለት ቀኑን ሙሉ ዘንቧል፤ ፎቶው ሁሉ ጃንጥላ ነው። ምስኪን፣ እሱን አጥርታ ልታይ ጓጉታለች።

«በረዶም ይችላል እናቴ» አለ ባለሱቁ፣ ሁለቱን በየተራ እያየ።

እሱን ገዙ። ባለሱቁ እዚያው ገጠመላቸው።

ቤት እንደገቡ ሾፌሩ ገመዶቹን ሰካክቶ ፎቶውን ከፈተው። ጃንጥላው፣ ጭቃ የነካው ቬሎ፣ የሚዜው የተንሻፈፈ ከረባት። ሁሉም ልክ እንደ ትናንቱ ነው።

«ወይ ጥራት!» አለች ሚስቱ፣ አንጓዋን እያሻሸች።

ይኼን መሸከም አቃተው።

«ስሚኝ» አለ። «ፎቶው ደብዝዞ አያውቅም። ዋሽቼሻለሁ። አንቺ እህትሽ ዘንድ ስትሄጂ እኔ እዚህ... አውቶቡስ እነዳለሁ። ጌም ነው፤ ግን ያው መንዳት ነው። ማልኩልሽ፣ አፈረስኩት። እጅሽን ባየሁ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።»

ሚስቱ ክንዱን ይዛ ከወንበሩ አስነሣችውና ተቀመጠች። እጇ ከሥር ያለውን ማንሻ ሳታየው አግኝቶ ወንበሩን ዝቅ አደረገው።

«እንግዲህ መስመር ሰባት ላይ ቀዩን አክብርልኝ» አለች፤ «ጠዋት ጠዋት እየነዳሁ ቅጣትህን ሳነሣልህ አንጓዬ አለቀ።»