ሁለት ግራ እጅጌ

የስፌት መኪናዋን አሁንም አቆመችና ጆሮዋን ቀሰረች። ምንም የለም። የጎረቤቱ አናጺ መጋዝ ነው።

ስልኩ ከጠመኔውና ከመቀሱ መሃል በጀርባው ተጋድሟል። ድሮ ጡት መያዣዋ ውስጥ ነበር የምትወሽቀው፤ ሲንቀጠቀጥ በቆዳዋ ትሰማው ነበር። የጡት ራጅ ያነሳቻት ሴት ፊልሙን ደጋግማ አይታ፣ «ግራው ላይ ጥርት ያላለ ነገር አለ፤ ምንም ላይሆን ይችላል። ለተጨማሪ ምርመራ ተራሽ ሲደርስ እንደውላለን፤ ካላነሳሽ ለሌላ ሰው ያልፋል» ካለቻት ወዲህ ግን እዚያ ቦታ ምንም ነገር ማስቀመጥ አስጠላት።

ጠረጴዛው ላይ ስታደርገው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መኪናዋ ስትነሳ ጠረጴዛው ይርገበገባል፣ መቀሱ ይንቀጫቀጫል፣ ስልኩም አብሮ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ደወለ ብላ ታነሳዋለች፤ አልደወለም። አልደወለም ብላ ትሰፋለች፤ ልቧ እንደተሰቀለ ነው። በመጨረሻ የመኪናዋን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችና በእጇ መስፋት ጀመረች።

ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የምትሰፋው የሱቁ ባለቤት ቀና አለች። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መቀስ ይላታል፤ ስሙ የወጣላት ግን ለእጇ ሳይሆን ለምላሷ ነው።

«ምነው፣ መኪናዋ ምን አስቀየመችሽ?»

«ክር እየበጠሰች አስቸገረችኝ፣ እትዬ።»

«ትናንት ደህና አልነበረች? የሆቴሉ ሰውዬ ዛሬ የአስተናጋጆቹን ልብስ ሊወስድ ይመጣል። አንቺ በእጅሽ ሰፍተሽ እስክትጨርሺ አስተናጋጆቹ ጡረታ ይወጣሉ።»

ስልኩ ጮኸ። መርፌው ጣቷን ወጋት። ባሏ ነው።

«ደወሉ?»

«አንተ ነሃ የደወልከው!»

«እሱማ እኔ ነኝ። እነሱን ማለቴ ነው።»

«መስመሩን ይዘህብኝ በየት በኩል ይደውሉ?»

«እሺ፣ እሺ፣ ዘጋሁት።» አልዘጋውም። «ምሳ በልተሻል?»

«ዝጋው በናትህ!»

ዘጋው። ወዲያው አንጀቷን በላት፤ መልሳ እንዳትደውልለት ግን መስመሩ እንዳይያዝባት ፈራች። የጣቷን ደም መጠጠች።

«ማነው እንዲህ የሚጠበቀው?» አለች እትዬ መቀስ።

«ማንም።»

«ማንም እንዲህ ከተጠበቀ፣ የተወደደውማ እንዴት ሊሆን ነው!»

ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ መንገዱን ሳታይ አየችው፤ ተመለሰች። እስፒሎቹን በየቀለማቸው ለየቻቸው፣ መልሳ ደባለቀቻቸው። ተቀመጠች። የስልኩን ድምፅ መጨመሪያ ተጫነች፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም። በእጇ የጀመረችውን የአስተናጋጅ ኮት ሳበችና ልክ እሳት እንደሚያሳድዳት ሁሉ የቀረውን እጅጌ ገጥማ ጨረሰችው፤ ለልብስ መለኪያው አሻንጉሊት አለበሰችው።

እትዬ መቀስ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ መጣች። ኮቱን ዞረችው። ደግማ ዞረችው።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ። ይህ አስተናጋጅ ስንት ግራ እጅ ነው ያለው?»

አየችው። ከተቆረጠው ክምር ሁለት ግራ እጅጌ አንስታ ኖሯል፤ በቀኙ ትከሻ ላይ የተሰፋው እጅጌ ክርኑን ወደ ፊት አድርጎ ተንጠልጥሏል።

«ግራው ነው» አለች።

«እያየሁት እኮ ነው። ሁለቱም ግራ ነው።»

«እጅጌውን አይደለም፣ እትዬ።» የደንበኛ ልክ ስትወስድ እንደምታደርገው እጇን ቀስ አድርጋ ከብብቷ ሥር አስገባች፤ እዚያው ተወችው። «ራጁ ላይ የሆነ ነገር አይተዋል። ምን እንደሆነ ገና አላወቁም። ለምርመራ እንደውልልሻለን ብለውኛል። መኪናዋ ስትጮህ ጥሪው ያልፈኛል ብዬ ነው…»

እትዬ መቀስ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እዚህ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ኮቱን ከአሻንጉሊቱ ላይ አወለቀችው። ወደ ወንበሯ ተመለሰችና ጎንበስ ብላ የራሷን መኪና ገመድ ነቀለች። ከዚያ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ ይህን ልተርትረው። አንቺ ቀኙን ፈልጊ።» መርፌዋን ዘረጋችላት። «ክርም አስገቢልኝ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

የክሩን ጫፍ በምራቋ አሾለችው። አንዴ ሳተችው፣ ደግማ ሳተችው። እትዬ መቀስ ጠበቀቻት። ገባ።

ጥቂት እንደሰፉ በሩ ተበረገደ።

«ቤቶች! ልብሱ ደረሰ?» የሆቴሉ ሰውዬ ነው። «ምነው፣ የመኪና ድምፅ የለም?»

«መብራት ጠፍቶ» አለች እትዬ መቀስ፣ ቀና ሳትል።

ሰውዬው ከራሷ በላይ ቦግ ብሎ የበራውን አምፖል አየ። «ይሄስ?»

«እሱ ለዓይን ያህል ነው እንጂ ለመኪና አይበቃም። ነገ ና። በሩን ደግሞ ቀስ አድርገህ ዝጋው።»

ሰውዬው አምፖሉን አየ፣ ሁለቱን ሴቶች አየ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የአናጺውም መጋዝ ቆሟል። አሁን ክሩ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል፤ አንዴ የእሷ፣ አንዴ የእትዬ መቀስ። ድንገት የስልኩ መስታወት ላይ ብርሃን አየችና እጇን ወረወረች። አምፖሉ ነው፤ ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ቁልቁል በርቷል። እጇን መለሰች።

እትዬ መቀስ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ ስልኩን በክርኗ ትንሽ ገፋ አድርጋ አስጠጋችላት።