የኦቦ ሌታ ጉበት

ዶክተር ሃዋኒ ጉበት አዳሽ ናት። በአረቄና በቫይረስ ጠባሳ የሆነ ጉበትን ከእትብት በሚወሰድ ስቴም ሴል ላለስልስ ብላ አምቦ ላይ ሙከራ ከፍታለች። ድሮ ሴሎቹ ጉበት ሳይደርሱ ያልቁ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ አየር አሳንሳ ታጠነክራቸዋለች፤ ወንጪ ዳገት ላይ እንደሚለማመድ ሯጭ በሉት።

በጥቅምት ኦቦ ሌታ የሚባሉ የደንዲ ገበሬ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ጉበታቸው ሲታይ የጫማ ሶል ሆኗል።

«መርፌው ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ ነው» አለቻቸው። «አንድ ቀን ከቀሩ ይሰረዛሉ። አረቄ ከቀመሱም ይሰረዛሉ።»

«እሺ ዶክተር፣ ብቻ አድኚኝ። ልጆቼ ገና አልደረሱም።»

ዘመኑ የኮሮና ነው። በኅዳር ማስክ እስከ ዓይን ተስቦ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ካርድ ታይቶ መርፌው ተወጋ። በታኅሣሥ ደረጃው ያለ ደጋፊ ተወጣ። ጉበቱ ሲታይ የሕፃን ጉበት! ሃዋኒ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ነርሱን እንግዳወርቅን ዘላ አቀፈችው።

በጥር ግን ስማቸው ሦስቴ ተጠርቶ ነው የተነሱት። በግራ እጃቸው ፈረሙ። ጉበቱ ስብ ይዟል፤ የአረቄው ሽታ ማስኩን አልፎ ይመጣል።

«ጠጥተዋል!» አለ እንግዳወርቅ።

«ዋቃዮ ይመስክር፣ ሌታ አረቄ በአፉ አይዞርም!» ተብሎ ተማለ፤ ሃዋኒም ለዛሬ ብቻ ብላ በማስጠንቀቂያ አለፈቻቸው።

በየካቲት ጉበቱ ተመልሶ ንጹሕ ሆነ። ውጤቱ አንዴ ስብ አንዴ ንጹሕ ሲሆንባት ሃዋኒ እሳት ጎረሰች። ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት ሥራ በአንድ ሰካራም ገደል ሊገባ!

«እኚህ ሰውዬ ይጫወቱብናል» አለ እንግዳወርቅ። «ቤታቸው ሄደን ከነመለኪያው እንያዛቸው።»

ቅዳሜ ሳይናገሩ ደንዲ ከተፍ አሉ። ደጁ ላይ አራት ጎረቤቶች የኦቦ ሌታን ስንዴ በደቦ ይወቃሉ። ሃዋኒን ሲያዩ አራቱም እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። እሷ ልብ አላለችም፤ ጥርሷን ነክሳ ገባች።

ኦቦ ሌታ መደቡ ላይ ተኝተዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል።

«ስንት መለኪያ ቢገለብጡ ነው ጃል!» አለ እንግዳወርቅ።

«ዶክተር» አሉ ኦቦ ሌታ በክርናቸው ቀና ብለው፣ «መንገዱ ቢያቅተኝ፣ እንዳልሰረዝ ብለው ጎረቤቶቼ በየወሩ በደቦ ተወጉልኝ፤ ታዲያ እስካሁን ያልተሻለኝ ለምንድን ነው?»