የባሕሩ የሙከራ ጨዋታ

ክለቦች ሊያስፈርሙ ያሰቡትን ተጫዋች ከመሞከራቸው በፊት ከኳስ ውጭ ያለ ትዝታውን ሁሉ ማውጣት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። አሰልጣኝ ደምሰው ግን እንደ አጥቂው ባሕሩ ልቡ ኳስ ላይ ብቻ የሆነ ሰው አላዩም። ተከላካዮቹን እያታለለ አልፎ ጎል ሲያገባ፣ ሚስቱ ትርንጎ አጠገባቸው ቆማ ታለቅስ ነበር።

«ጋሼ፣ ለክለቡ አይሆንም ይበሉ» አለች። «ከወደቀ ትዝታውን ይመልሱለታል። ካለፈ ግን በዚያው ይጠፋል።»

ደምሰው ጨዋታው ሲያልቅ ባሕሩን ጠሩት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ማን ልበል?» አላት ትርንጎን፣ እጁን በትሕትና ዘርግቶ።

«ሚስትህ ናት» አሉት ደምሰው። «ብጥልህ ወደ ቤትህ፣ ወደ እሷ ትመለሳለህ። ምን ላድርግ?»

ባሕሩ ደነገጠ። «ኧረ በፈጣሪ ጋሼ፣ አይጣሉኝ! ከኳስ ሌላ ምን አለኝ?»

ትርንጎ እንባዋን ጠረገች። የሚለምነው ከእሷ ለማምለጥ እንደሆነ ገብቷታል።

«እንግዲያው ያሳልፉት» አለች። ደምሰውም አሳለፉት።

ልትሄድ ስትል ወደ አሰልጣኙ ጠጋ አለች።

«በርበሬ አያብዙበት ጋሼ፤ ሆዱን ያመዋል። አሁን እሱ ራሱ አያውቀውም።»