በከንፈር የራሰ ሰበዝ

ሰበዙ አሁንም እጄ ላይ ተሰበረ። ሲደርቅ ይሰበራል፤ ውሃ ውስጥ ስዘፈዝፈው ደግሞ ያብጥና ከአሮጌው ጉንጉን ጋር አልገጥም ይላል። አያቴ ይህን የገለባ ባርኔጣ እንዴት አድርጋ እንደሠራችው ሳላውቅ ከዚህ ጠረጴዛ አልነሳም። ችክ ያልኩ ሰው ነኝ፤ እናቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ተይው በቃ!" ትላለች አያቴ ትታው የሞተችውን ሳጥን እያራገፈች። "ነገ የቲያትር ቤት ሰዎች መጥተው ለመድረክ ይወስዱታል። ክፈፉ ተቀደደ አልተቀደደ እነሱ ምን ቸገራቸው?"

"ከጠገንኩት አትሰጪውም።"

"እሰጠዋለሁ! አንድ ቀን እንኳ ስማኝ የማታውቅ እናት ባርኔጣ ምን ያደርግልኛል?"

ይኸው መጣ። ስለ አያቴ ወሬ ከየትም ቢጀመር እናቴ የምትጨርሰው እዚሁ ላይ ነው። የጎረቤት ልጆች በእናቶቻቸው ጉንጫቸውን እየተሳሙ ሲተኙ፣ የእሷ እናት ግን ግንባሯን ከልጇ ግንባር ታጋጥምና ዘወር ትል ነበር። ለሽያጭ የምትሠራቸውን ባርኔጣዎች ደግሞ ቀኑን ሙሉ አቅፋ ትውል ነበር። እናቴ ፀጉሯ ሸብቶም ነገሩ ከሆዷ አልወጣም፤ ባርኔጣ ስታይ ጣውንቷን ያየች ነው የምትመስለው። ይሄኛው ደግሞ አንዲት ወይዘሮ "ጠበበኝ" ብላ የመለሰችው ነው። አያቴ ራሷ አንዱንም አድርጋ አታውቅም።

እኔን ግን የሚበላኝ ሌላ ነው። ባርኔጣውን ገልብጬ በመስኮቱ ብርሃን አየዋለሁ። ጉንጉኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ የላላ ቦታ የለውም። ሁለቱም እጆቿ ከሥራው አልተነሱም ማለት ነው። ታዲያ ቀጣዩን ሰበዝ ማን ያቀብላታል?

"እማ፣ ሰበዙን የት ነበር የምታስቀምጠው?"

"አፏ ውስጥ ነዋ! ስጠራት የማትመልስልኝ ለምን ሆነና?"

"እስካሁን አትነግሪኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ጥቂት ሰበዞች በከንፈሬ ጥግ እይዛለሁ። ትንሽ ቆይቼ አንዱን ስስበው ለስልሷል፤ ግን አላበጠም። ጣቶቼ ያዘዙትን እሺ ብሎ ይታጠፋል፣ ከአሮጌው ጉንጉን ጋር ልክክ ይላል። እሰይ! አፌ ባይያዝ እልል እል ነበር።

በቢላ የተሰነጠቀ ሰበዝ ጠርዙ ስለት ነው። በሳብኩት ቁጥር ከንፈሬን ፈተግ አድርጎኝ ያልፋል። መጀመሪያ አሳከከኝ፣ ቀጥሎ ጨው ጨው አለኝ። በእጄ ጀርባ ስጠርገው ደም ነው። ወደ ሌላው ጥግ አዛውሬ እቀጥላለሁ፤ የተቀደደው ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። እናቴ ያመጣችልኝን ሻይ ግን አንዴ ፉት ብዬ አስቀመጥኩት፤ ከንፈሬን እሳት የነካው ያህል ለበለበኝ።

ክፈፉ ሲገጥም እናቴም ሳጥኑን ጨርሳ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። "በይ እኔ ልሂድ" ትልና ልትስመኝ ጎንበስ ትላለች። የእናቴ አሳሳም ጎረቤት ይሰማዋል፤ በልጅነቷ የቀረባትን በእኔ የምትወጣው ይመስለኛል። ጉንጯ ከንፈሬን ገና ሲነካው አመመኝና ሳላስበው ፊቴን አዞርኩ። እንዳይከፋት ደግሞ ቶሎ ብዬ ግንባሬን ከግንባሯ አጋጠምኩ።

ሁለታችንም እንደዚያው ቀረን።

አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ ታዞረዋለች። የከንፈሬን ሁለት ጥጎች ታያለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተረፉትን ሰበዞች፤ ጫፋቸው ቀልቷል።

"እኔ ግማሽ ቀን ነው የሠራሁት፣ እማ" እላለሁ።

"እሷ በየቀኑ ነበር" ትላለች። ድምጿ የእሷ አይመስልም፤ የሕፃን ነው።

ነጠላዋን እንደለበሰች ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች። ባርኔጣውን በሁለት እጇ ታነሳዋለች፣ ክፈፉን በጣቷ ዙሪያውን ትዳስሰዋለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ ግንባሯን ታስነካዋለች።