የኦሊያድ ሥራ

«ለመሆኑ የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ላታሞ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ልጃቸውን ሶልያናን ለኦሊያድ ለመጠየቅ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው፣ ጸሎቱም ሰላምታውም በወጉ አልፎ ነበር። መንገድ ላይ ሲፈሯት የመጡት ጥያቄ ይቺ ነበረች።

መልሷን ግን ተማክረውባት ነበርና ወንጌላዊ ካሌብ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «መሐንዲስ ነው፤ በውሃው ዘርፍ» አሉ።

«በየትኛው ውሃ? በቧንቧው?»

«እ… ውሃ ነክ ነው ብንል ይሻላል።»

አቶ ላታሞ ከሐይቁ ዳር ዓሣ እያጠመዱ ሲነግዱ የሸበቱ ሰው ናቸው። ያደረ ዓሣ ይዞ «አሁን የተያዘ ነው» የሚላቸውን ሰው፣ ዓሣውን ሳይሆን ፊቱን አይተው ይለዩታል ይባላል። የወንጌላዊውን ፊት አንዴ አዩትና ዓይናቸውን ወደ አቶ ኩማ መለሱ።

ከሦስቱ አንዱ የሆኑት አቶ ኩማ የልጁ አጎት ናቸው። ወንድማቸው ሲሞት ኦሊያድን ወስደው፣ መናኸሪያ ባለችው የልብስ ስፌት ቤታቸው፣ በስፌት መኪናው ጩኸት መሃል አስጠንተው ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። የተመረቀበትን ሱፍም በእጃቸው ሰፍተውለታል። ሥራውን ከያዘ ወዲህ ግን ነገሩ ሲነሳ ወሬ መለወጥ ለምደው ነበር። ከትናንት በስቲያ ራሱን ልጁን፣ «ይሄ ለሽማግሌ የሚነገር ነገር አይደለም» ብለውታል።

ኦሊያድ አልተቆጣም። «እንግዲያው ጋሼ፣ መጥተው ይዩትና ከዚያ በኋላ እንዳሻዎት ይናገሩ» ብሎ ከከተማው ዳር ወዳለው ጣቢያ ወሰዳቸው።

ቦቴዎቹ ከየሰፈሩ የመጠጡትን የሽንት ቤት ፍሳሽ ሲያራግፉ አቶ ኩማ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ቆሙ። ፍሳሹ አየር ወደማያስገባ ትልቅ ታንከር ገባ። «እዚህ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይበሉታል። እነሱ ሲበሉት ጋዝ ይወጣዋል» አላቸው ኦሊያድ። የጋዙን ቱቦ ተከትለው ሄዱ። ቱቦው አጠገቡ ያለው ትምህርት ቤት ማድ ቤት ገባ። እዚያ የተማሪዎቹ ምሳ በትልቅ ድስት ይንተከተካል፤ ከሥሩ ጭስ የሌለው ሰማያዊ እሳት ይነድዳል። አብሳይዋ ኦሊያድን ስታይ ማማሰያዋን አስቀምጣ ብድግ አለች። «የእንጨቱ ጭስ ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር አባቴ» አለቻቸው አቶ ኩማን። «የወለደው ይባረክ!» አቶ ኩማ ያኔ መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተው እሳቱን ሲያዩ ቆዩ።

አሁን አቶ ላታሞ መልስ እየጠበቁ ነው።

«ልጄ የሚሠራው በፍሳሽ ነው» አሉ አቶ ኩማ።

ወንጌላዊ ካሌብ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«በፍሳሽ ሲሉ?»

«በሽንት ቤት ፍሳሽ። ሰው ሁሉ ከቤቱ አውጥቶ ፊቱን የሚያዞርበትን፣ የእኔንም የእርስዎንም፣ እሱ ይቀበለዋል። ከዚያ ውስጥ እሳት ያወጣል። በዚያ እሳት አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ምሳውን ይበላል። የተረፈውን አድርቀው ለገበሬ ማዳበሪያ ያደርጉታል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ድሮ ይሄ ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎርፉ ጋር ወዴት ይወርድ እንደነበር፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

አቶ ላታሞ ያውቁታል። ስንት ጊዜ መረባቸውን ከሐይቁ ሲስቡ ከዓሣው ጋር ምን ይወጣ እንደነበር ለሰው ተናግረው አያውቁም። «ሶልያና ይህን ታውቃለች?» አሉ።

መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓይናለም መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ «ታውቃለች። እኔንም ወስዳ አሳይታኛለች» አሉ።

«አንቺንም? ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«ፊትህን ፈርተን ነዋ! ግን እስቲ ንገረኝ የሶልዬ አባት፣ አንተ ዓሣ ዓሣ እየሸተትክ ስትገባ እኔ አፍንጫዬን ይዤ አውቃለሁ?»

ሦስተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። አቶ ላታሞም ጢማቸው ሥር ፈገግታ ሲያመልጣቸው ታየ።

ይሄኔ ከጥግ፣ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት የአቶ ላታሞ ታላቅ ወንድም ቀና አሉ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። «ምን ያስቃችኋል? ልጁ ምን ይሠራል አላችሁ?» አሉ በሲዳምኛ።

አቶ ላታሞ ሊመልሱላቸው ጎንበስ አሉና መለስ ብለው፣ «እርስዎ ይንገሯቸው አቶ ኩማ። ያሳደጉት እርስዎ ነዎት» አሉ። «ጮክ ይበሉ ታዲያ።»

አቶ ኩማ ሲዳምኛውን ከደንበኞቻቸው ለምደውታል። ተነስተው ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አሉና፣ «ከከተማው ፍሳሽ እሳት ያወጣል!» አሉ።

«ከምን?»

«ከሽንት ቤት ፍሳሽ!»

ሽማግሌው አሰቡበት። «እሳቱ ያበስላል?»

«አሳምሮ!»

ሽማግሌው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ታዲያ ሰዎቹን ምን ታስጠብቃቸዋለህ?»

አቶ ላታሞ እጃቸውን አነሱ። «እኔም እሳቱን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ነገውኑ ውሰዱኝ። በሉ፣ ሶልያናን ጥሯት።» ጓዳ ውስጥ እልልታ ተጀምሮ በእጅ ሲታፈን ተሰማ።

ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም። የአቶ ኩማን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «ይህ ልጅ የማን ነው?» አሉ።

መስኮቱ ክፍት ነው። ከአጥሩ ማዶ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች እጃቸውን ከገመዱ ሳያወርዱ ጆሯቸውን አቁመዋል፤ አቶ ኩማም አይተዋቸዋል።

«የእኔ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የእኔ ልጅ ነው!»