ሽታም ቀለምም የሌለው

ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ሰው ሲጥል በምን ይታወቃል?

ማኅሌት ይህን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ይዛው ትዞራለች። መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ሰዓቱ አልቆ፣ መልሱ ሳይነገር ቀረ። እጇን አውጥታ እንዳትጠይቅ ዓይን አፋር ነበረች። ስለዚህ መልሱን ከመጻሕፍት ትፈልግ ጀመር። ንባብ ድሮም ልማዷ ነው። ልጅ ሳለች እንኳ ታናሽ ወንድሟ አልተኛም ብሎ ሲያስቸግር፣ እናቷ «ማኅሌት፣ እስቲ አንብቢለት» ይሏት ነበር።

አሁን ከአምቦ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአበባ እርሻ የጤናና ደኅንነት ባለሙያ ናት። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት ለርጭት ሠራተኞች የአምስት ቀን ሥልጠና እንድትሰጥ አዘዟት። ርዕሱ «ስለ መርዝ መሠረታዊ ዕውቀት» ነበር። አንድ ወር ተዘጋጀች። መቶ ሰማንያ አራት ስላይድ ሠራች።

የሥልጠናው አዳራሽ ከኬሚካል መጋዘኑ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል።

ሰኞ ጠዋት ማኅሌት የመጀመሪያውን ስላይድ አነበበች። «ነገርን ሁሉ መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው። ውሃም ቢሆን ሲበዛ ይገድላል።» ሠላሳ ሠልጣኞች ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

በሃያኛው ደቂቃ የፊተኛው ረድፍ ዓይን እንባ አቀረረ። በሠላሳኛው የሁለት ሰው አንገት ዛለ። በአርባ አምስተኛው ሮብሳን የሚባል ትከሻ ሰፊ ጎረምሳ ከነወንበሩ ወደቀ።

ማኅሌት ማስታወሻዋን አወጣች። እንባ። የምራቅ መዝረብረብ። የጡንቻ መዛል። ስም ሲጠራ አለመመለስ። ስላይድ ዘጠና ሁለት ላይ ከጻፈችው የፀረ-ተባይ መመረዝ ምልክት ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች። «ሁላችሁም ወደ ደጅ ውጡ!»

ከተቀጠረች ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ብሎ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሁሉም ብድግ ብለው ወጡ። ደጅ ነፋስ ሲነካቸው በሁለት ደቂቃ ነፍስ ዘሩ።

«ዘጠኝ ዓመት መርጫ አዝዬ አንድ ቀን አልወደቅሁም» አለች ደስታነሽ፣ የርጭት ቡድኑ አንጋፋ። «ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልሙት? ኦቦ ነገራ፣ ምን ለቀቁብን?»

ኦቦ ነገራ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። «ማሎ! ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ እኮ ክዳን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የማጠብቀው!»

«አንድ ቀን ሦስት ጊዜ አጥብቀው ቢሆን ኖሮ ሮብሳን ግንባሩ አያብጥም ነበር።»

አቶ ታምራት ወሬውን ሰምተው መጡ። አጭር ሰው ናቸው፤ አጭር ይናገራሉ። «ማኅሌት፣ ምንጩን እስከ ዓርብ በአደጋ ሪፖርት ቅጹ ላይ ሞልተሽ አምጪ። ከመጋዘኑ ከሆነ ኦቦ ነገራ ይሰናበታሉ።»

ማክሰኞ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። ለውጥ የለም። እንዲያውም ስለ ጉበት ሲማሩ ከሠላሳው ሰው ደኅና የቀረው ሰባት ብቻ ነበር።

ረቡዕ ከአዲስ አበባ የጋዝ መለኪያ መጣ። ዜሮ አለ። ግድግዳው ሥር አስጠጉት፤ አሁንም ዜሮ።

«ከመሬት ነው የሚፈላው» አለ ሮብሳን፣ ግንባሩን እያሻሸ። «የአምቦ ውሃ ጋዙን ከየት ያመጣው መሰላችሁ?»

«ዝም በል አንተ» አለች ደስታነሽ። «ጋዝ ቢሆን ኖሮ አንተ ስትወድቅ ታገሳ ነበር።»

ሐሙስ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ አልሠራ ስላለ ማኅሌት ቢሮዋ ሄዳ ጠበቀች፤ ሠልጣኞቹ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያው አዳራሽ ተቀመጡ። ደስታነሽ የአቶ ታምራትን አረማመድ እያሳየች አሳቀቻቸው። አንድም ሰው አልታመመም። መብራቱ መጣ፤ ሥልጠናው ቀጠለ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሮብሳን ወደቀ።

«ታዲያ ግልጽ አይደለም?» አሉ አቶ ታምራት። «መብራት ሲመጣ የመጋዘኑ ማራገቢያ ይነሣል። መርዙን ወደዚህ ይገፋዋል። በቃ፣ ጻፊው።»

ዓርብ ጠዋት ማኅሌት ቅጹን ይዛ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። «የመርዙ ምንጭ» በሚለው ፊት ለፊት «የኬሚካል መጋዘን» ብላ በእርሳስ ጽፋለች። ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። የበሩ ጥበቃ ኦቦ ተሬፋ አራቱንም ቀን አዳራሹ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውለዋል። አንድ ጊዜም ዓይናቸው አላቀረረም።

«ኦቦ ተሬፋ፣ እርስዎን ለምን አልያዘዎትም?»

«ምን?»

«ለምን አልደከመዎትም?»

«ምን አልሽኝ ልጄ? በቀኝ በኩል ነይ፤ ግራው ከሞተ ቆይቷል፤ ቀኙም ካልጮኹበት አይሰማ።»

ማኅሌት ትናንት መብራት ጠፍቶ ቢሮዋ የተቀመጠችበትን ሰዓት አስታወሰች።

ኦቦ ነገራ የቁልፉን ዘለላ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። «ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ቁልፉን ላንቺ ላስረክብ ወይስ ለአቶ ታምራት?»

«ይያዙት» አለች ማኅሌት። ላጲሷን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የመርዙ ምንጭ» ከሚለው ፊት ለፊት የነበረውን አጥፍታ የራሷን ስም ጻፈች፤ «የመከላከያ እርምጃ» ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ፦ «በቀን ከዐሥር ስላይድ እንዳይበልጥ።»